የሁለት ሳምንት ጨርቅ

በርሊን የሚገኘው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ፣ ራይክስታግ፣ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ በብርማ ጨርቅ ተሸፍኖና በሰማያዊ ገመድ ታስሮ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ለአጎቴ በስልኬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሞቶ ነው?» የሚል ነበር። ማንም እንዳልሞተ፣ ሕንፃው የተሸፈነው ለሥነ ጥበብ ሲባል እንደሆነና ከ14 ቀን በኋላ ጨርቁ መነሣቱን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና ሁለተኛውን ጥያቄ አስከተሉ፦ «ካስማው ታዲያ የት አለ?»

አጎቴ ደብረ ብርሃን ውስጥ በምንኖርበት ሠፈር እድር የድንኳን ኃላፊ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለዋል። ጥሩምባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሞት ሲያውጅ፣ ሌላው ሰው ጋቢውን ደርቦ ወደ ለቅሶው ቤት ሲያቀና፣ እርሳቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ወጣቶችን ይሰበስባሉ፤ ምሰሶውን፣ ገመዱንና የብረት ካስማውን ቆጥረው ያስወጣሉ፤ ከዚያም ግቢው መካከል ቆመው ከየማድ ቤቱ የሚወጣው ጭስ ወዴት እንደሚያዘነብል ይመለከታሉ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ ነፋስ የሚናቅ ነገር አይደለም። የድንኳኑ በር ነፋሱን ፊት ለፊት እንዲቀበል ሆኖ ከተተከለ፣ ወይም ካስማው ቀጥ ብሎ ከተመታ፣ ሸራው ሌሊቱን ሲነፋና ሲራገብ አድሮ ጠዋት ለቀስተኛው ከመድረሱ በፊት ከነምሰሶው ሊወድቅ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ስለዚህ ካስማው ሁልጊዜ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድሎ እንዲመታ ያዛሉ። በሠልስቱ ድንኳኑ ይነሣል። ቦታው ላይ የሚቀረው የተረገጠ ሣርና በካስማ የተበሱ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው።

እኔ በተማሪነቴ ሥዕል የተማርኩና አሁንም ሥዕል እያስተማርኩ የምኖር ሰው ስለሆንኩ፣ ስለ እነዚህ የጨርቅ ሥራዎች ከአጎቴ ይልቅ ብዙ አንብቤያለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ጥያቄዎቻቸው እስካሁን ካነበብኩት አብዛኛው ይልቅ ወደ ነገሩ እንዳቀረቡኝ መሸሸግ አልፈልግም፤ ይህን ጽሑፍም የምጽፈው በዚያው ምክንያት ነው።

ራይክስታግን የጠቀለሉት ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት በአንድ ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 1935 ሲሆን፣ እርሱ በቡልጋሪያዋ ጋብሮቮ፣ እርሷ ደግሞ በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ነው። ጋብሮቮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ያደግሁ በመሆኔ ይህች መረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ትጥመኛለች። ክሪስቶ በሶፊያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በሚማርበት ዘመን የኮሚኒስቱ መንግሥት ተማሪዎቹን በዕረፍት ቀናቸው ከምዕራብ አውሮፓ የሚመጣው ባቡር ወደሚያልፍበት ገጠር ይልካቸው ነበር፤ ሥራቸውም ከመስኮት የሚመለከተው መንገደኛ አገሩ የለማ መስሎ እንዲታየው ገበሬዎቹ የእርሻ መሣሪያቸውን እንዴት እንደሚያቆሙና የሣር ክምራቸውን እንዴት በሸራ እንደሚሸፍኑ ማሳየት ነበር። ለማስመሰል የተሰጠ ሥልጠና ነው። በኋላ የሠራውን ሁሉ ከዚያ ያመጣው ነው ማለት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሆኖም ሸራ፣ ገመድ፣ ሰፊ ሜዳና ከገበሬ ጋር መነጋገር ገና በወጣትነቱ ያወቃቸው ነገሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከምሥራቁ ጎራ አምልጦ ወጣ፤ በተከታዩም ዓመት ፓሪስ ላይ ከዣን ክሎድ ጋር ተገናኘ።

አሁን ወደ ካስማው ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ሁለት አውራጃዎች ላይ «ሯጭ አጥር» ብለው የሰየሙትን ሥራ ዘረጉ፤ ቁመቱ 5.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 39.4 ኪሎ ሜትር የሆነ ነጭ የናይለን መጋረጃ ሲሆን፣ ኮረብታውን እየወጣና እየወረደ ሄዶ መጨረሻው ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ይገባ ነበር። ርዝመቱን ለመገመት የፈለገ ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ከሚወስደው መንገድ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በነጭ ጨርቅ ተጋርዶ ያስብ። ለዚህ 2,050 የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ 145 ኪሎ ሜትር የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ 14,000 የመሬት ካስማዎች ተመትተዋል። ለምሰሶዎቹ ሲሚንቶ አልተጠቀሙም፤ ወደ 1 ሜትር ገደማ መሬት ውስጥ ገብተው ግራና ቀኝ በገመድ ተወጥረው ነው የቆሙት። እነዚህን ቁጥሮች ለአጎቴ ሳነብላቸው ስለ ውበቱ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ «14,000 ካስማ!» ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሥራውን በአክብሮት ያነሡታል።

ከዚህ ሥራ አራት ዓመት አስቀድሞ ግን ነፋስ አሸንፏቸው ነበር። በኮሎራዶ ራይፍል በምትባል ስፍራ በሁለት ተራሮች መካከል 381 ሜትር ስፋት ያለው ብርቱካናማ መጋረጃ ለመስቀል ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ጨርቁ ገና በመሰቀል ላይ እያለ ተቀዶ ከሸፈ። በተከታዩ ዓመት ኦገስት 10 ቀን መጋረጃው ተሳክቶ ተዘረጋ፤ ከ28 ሰዓት በኋላ ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ነፋስ ስለተነሣ ማውረድ ግድ ሆነ። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ከቆላው ሽቅብ የሚመጣውን ነፋስ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ለምን እንደወረደ ሳይሆን 28 ሰዓት እንዴት እንደቆየ ነው የሚደንቀው። ያ ገደል አፍ ላይ ኩታ እንኳ በአግባቡ ደርቦ መቆም አይቻልም፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሥራዎቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን አንድ ቀንና ጥቂት ሰዓት ብቻ የኖረውን ነው።

የራይክስታግ ጨርቅ የተሠራበትን ነገር በተመለከተ አንድ ለየት ያለ ነገር ልጨምር። ጨርቁ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል የፕላስቲክ ክር የተሸመነና ላዩ በአሉሚኒየም የተለበጠ ነበር። ፖሊፕሮፒሊን ማለት ገብስና ስንዴ የምንጭንበት፣ ስሙን ከውስጡ ዕቃ ወርሶ ሁላችንም «ማዳበሪያ» የምንለው ከረጢት የሚሠራበት ነው። እንግዲህ 100,000 ካሬ ሜትር የብር መልክ የተቀባ ማዳበሪያ የአንድን ታላቅ መንግሥት ምክር ቤት ሸፈነ ማለት ነው። የጨርቁ ስፋት ከሕንፃው ገጽ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ የተሰፋ በመሆኑ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየታጠፈ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ሐውልቶቹንና ጌጦቹን እንዳይነካ ደግሞ ከ200 ቶን የሚያንስ ያልነበረ የብረት መዋቅር ከውስጥ ተሠርቶለታል። ገመዱ 15.6 ኪሎ ሜትር ነበር። ጨርቁን ከጣሪያ ወደ ታች የለቀቁት ክሬኖች ሳይሆኑ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ግድግዳውን የወረዱ 90 ተራራ ወጪዎች ናቸው። ሕንፃው ተሸፍኖ ሳለ ጥቃቅን ጌጡ ሁሉ ጠፍቶ ቁመናው ብቻ ቀረ፤ በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፈው የበርሊን ሰው ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ያየው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ፈቃዱ ከስፌቱ በላይ ጊዜ ወስዷል። ሐሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ሕንፃው የተጠቀለለው በ1995 ነው፤ በመካከሉ 24 ዓመት አለ። ሦስት ጊዜ ተከልክለዋል። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994 የጀርመን ምክር ቤት አባላት አንድን የሥነ ጥበብ ሥራ በሚመለከት ቆመው ተከራከሩበት፤ ቻንስለር ሄልሙት ኮል ተቃወሙ፣ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሪታ ዙስሙት ደገፉ፣ ድምፅ ተቆጠረና 292 ለ223 ሆኖ አለፈ። ለካሊፎርኒያው አጥር ደግሞ መሬታቸውን የሚያቋርጥባቸውን 59 ከብት አርቢዎች አንድ በአንድ ቤታቸው ድረስ እየሄዱ አነጋግረዋል፤ በ18 ሕዝባዊ ስብሰባዎች ላይ ተገኝተው መልስ ሰጥተዋል፤ ፍርድ ቤትም ቆመዋል። በኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ በ37 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ላይ 7,503 በሮች አቁመው ብርቱካናማ ጨርቅ ለመስቀል ከ1979 እስከ 2005 ጠብቀዋል። ለ16 ቀን።

ይህን ሳነብ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ያልተቀመጠ ሰው የሥራውን ግማሽ አይረዳውም ብዬ አስባለሁ። አንድ አዲስ ሸራ ለመግዛት ስንት እሑድ እንደምንቀመጥ፣ ማን ተቆጥቶ ወጥቶ በሽማግሌ እንደሚመለስ፣ አረንጓዴው ይሁን ሰማያዊው በሚለው ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናውቃለንና። ክርክሩ ለሥራው እንቅፋት ብቻ ነበር ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ እኔ ግን የሥራው አካል ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ሐውልት ሲቆም ሰው አንድ ጊዜ ተከራክሮ ይረሳዋል፤ ነገ የሚወርድ ጨርቅ ግን ገና ሳይሰቀል ለብዙ ዓመት በሰው አፍ ይኖራል።

በዚህም ላይ የጨርቅ ግንባታ ለሸዋ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ከ«ከተመ» የወጣ ነው፤ ቀድሞ የሚያመለክተውም ንጉሥና ሠራዊቱ የሰፈሩበትን ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ላይ ለዓመታት እስኪቀመጡ ድረስ፣ የንጉሡ መቀመጫ በአብዛኛው ተነቅሎ የሚተከል የድንኳን ሰፈር ነበር። የነገሥታቱ አዳራሽ፣ ግብሩና ፍርዱ ሁሉ በጨርቅ ሥር ሲካሄድ ቆይቶ በማግሥቱ በበቅሎ ይጫን ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ እርሱም ብክነት ነው። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። ባና ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ፣ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ፣ ውርጭ የማይበሳው ወፍራም የሌሊት ልብስ ነው፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። አያቴ ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል ለማዘጋጀት የስንት ወር ምሽት በእሳት ዳር እንደሚፈጅባቸው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ባና ከእናት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲያልቅም የአህያ መደላድል ይሆናል እንጂ አይጣልም። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው ለሁለት ሳምንት ተሰቅሎ ስለሚወርድ 100,000 ካሬ ሜትር ጨርቅ ሲሰማ ሆዱ ባይረበሽ ነው የሚገርመው። አጎቴም ሦስተኛ ጊዜ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፦ «ጨርቁስ የት ገባ?»

መልሱ በከፊል የሚያረካ ነው። ባልና ሚስቱ ከመንግሥትም ሆነ ከነጋዴ ድጎማ አይቀበሉም ነበር፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ክሪስቶ ለሥራው አስቀድሞ የሚሠራቸውን ንድፎች በመሸጥ ነበር፤ ሥራው አንዴ ከቆመ በኋላ ደግሞ ስለዚያ ሥራ ሌላ ንድፍ አይሠራም ነበር። የራይክስታግ ጨርቅና ብረት ተመልሶ ለሌላ ጥቅም እንዲውል ተደርጓል። የሯጩ አጥር ምሰሶና ጨርቅ ለከብት አርቢዎቹ ተሰጥቷል። በዚህ በመጨረሻው አጎቴ እጅግ ተደሰቱ፤ «እንዲህ ከሆነ ደግ ነው፣ ምሰሶው ለበረት ይሆናል» አሉ።

ቀሪውን ጥርጣሬዬን የሚቀንስልኝ ግን የአንዲት ሴት ንግግር ነው። ስለ አጥሩ በተደረጉት ስብሰባዎች በአንዱ ጊዜያዊ ነገር ሥነ ጥበብ ሊሆን አይችልም የሚል ክርክር ተነሥቶ ሳለ የአንድ ከብት አርቢ ሚስት ቆመው፣ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ደክመው የሚሠሩት ምግብ ለእርሳቸው ሥነ ጥበብ እንደሆነ፣ ነገር ግን ተበልቶ እንደሚያልቅና ሰውም እንደሚረሳው ተናገሩ። ለፋሲካ አሥራ ሁለቱን የዶሮ ብልት ሳታሳስት ያወጣች፣ ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ ያቁላላች ሴት ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች። ቀትር ሳይደርስ ድስቱ ባዶ ይሆናል።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ በሰላም አልተጠናቀቀም። እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓን 1,340 ሰማያዊ፣ በካሊፎርኒያ 1,760 ቢጫ፣ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ቁመት ያላቸው ጃንጥላዎች በአንድ ጊዜ ተዘረጉ። ለሥራው 26 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ኦክቶበር 26 ቀን በካሊፎርኒያ ድንገተኛ ነፋስ አንዱን ጃንጥላ ነቅሎ አንዲት ተመልካች ገደለ። ወዲያውኑ በሁለቱም አገር ጃንጥላዎቹ እንዲዘጉ ታዘዘ፤ በማንሣቱ ሥራ ላይ ደግሞ ጃፓን ውስጥ አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ መስመር ሞተ። ስለ እነዚህ ሠዓልያን በአድናቆት የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ሲያልፉት አያለሁ፤ አጎቴ ግን ስነግራቸው ስልኩን መለሱልኝና የዚያን ቀን ሌላ ፎቶግራፍ ማየት አልፈለጉም። ሸራ የሚተክል ሰው የመጀመሪያ ኃላፊነቱ ከሥሩ ለሚቀመጠው ሰው ነው።

በአህጉራችንም ይህን መንገድ በራሱ አረማመድ የሚሄድ አለ። የጋናው ኢብራሂም ማሃማ ካካዎ ከዚያም ከሰል የተጫነባቸውን፣ ያረጁና የተጣፉ ጆንያዎች ሰብስቦ ከብዙ ሰዎች ጋር በመስፋት ሕንፃዎችን ያለብሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በ2024 ደግሞ ለንደን ባርቢካን በሚባለው ማዕከል 2,000 ካሬ ሜትር በሚሆን ሐምራዊ ጨርቅ ሥራውን አሳይቷል። የክሪስቶ ጨርቅ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ነው፤ የማሃማ ጆንያ ግን የተሸካሚውን ላብና የነጋዴውን ምልክት ይዞ ይሰቀላል። የደብረ ብርሃንን እህል በረንዳ ለሚያውቅ ሰው የትኛው እንደሚቀርብ መናገር አያሻም።

ጥር 11 ቀን ደግሞ እኛው እንሠራዋለን፤ ሥነ ጥበብ ብለን ባንጠራውም። ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለሱ ወጣቶቹ ከፊት ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ካለፈበት በኋላ ከኋላ ያለውን ጠቅልለው ተሸክመው እየሮጡ ወደ ፊት ያመጡና ደግመው ያነጥፉታል። ምንጣፉ ጥቂት ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን ከዳር እስከ ዳር የተነጠፈ ይመስላል። ጨርቅን በሩጫ ማርዘም የሚቻል መሆኑን የማውቀው ከዚያ ነው።

ባለፈው ወር በጎረቤታችን ለቅሶ ሠልስት ድንኳኑን ለማንሣት አጎቴን ለማገዝ ሄጄ ነበር። ገመዱ ተፈትቶ ሸራው መሬት ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ እስኪደርቅ ቁጭ ባልንበት፣ የመጨረሻውን ፎቶግራፍ አሳየኋቸው፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 18 እስከ ኦክቶበር 3 ቀን 2021 ድረስ በፓሪስ የተጠቀለለው የድል ቅስት ነው። 25,000 ካሬ ሜትር ሰማያዊ ያዘለ ብርማ ጨርቅና 3,000 ሜትር ቀይ ገመድ አለው። ክሪስቶ ይህን ያሰበው በወጣትነቱ በቅስቱ አቅራቢያ በአንዲት ጠባብ ክፍል በሚኖርበት ዘመን ነበር። ሥራው መጀመሪያ ለ2020 ጸደይ ታስቦ ሳለ ቅስቱ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ጭልፊቶች እንዳይረበሹ ወደ መጸው ተላለፈ፤ ከዚያም ወረርሽኙ መጣና በአንድ ዓመት ተገፋ። በቅስቱ ሥር የማይታወቀው ወታደር መቃብር አለ፤ በየምሽቱ የሚታደሰው እሳት ጨርቁ በተሰቀለበት ሰሞንም አልተቋረጠም።

አጎቴ በዚህኛው ማን እንደሞተ አልጠየቁም። እኔው ነገርኳቸው፤ ዣን ክሎድ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ክሪስቶ ደግሞ በሜይ 31 ቀን 2020 እንዳረፉ፣ ይህን ቅስት ሁለቱም ሳያዩት የወንድሙ ልጅ ቭላዲሚር ያቫቼቭ ሥራውን መርቶ እንደፈጸመው።

«የወንድም ልጅ ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

ሸራውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው መድረቁን አረጋገጡና ተነሡ። «በል ያን ጫፍ ያዝ» አሉኝ፤ «በቀድሞው እጥፋት ነው፣ አዲስ እጥፋት አታውጣበት።»